ፍቅር ብቻውን ይበቃልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዕለቱ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈውን፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ የኖረውን ድውይ ታሳስበናለች። ያ ሰው መዳኛው ውኃ የት እንዳለ አልጠፋውም፤ አጠገቡ ነበር የተኛው። ያጣው አንሥቶ የሚያስገባውን ሰው ነው። ጌታችን በጠየቀው ጊዜ እንኳ ስለ ሕመሙ ጽናት አላወራም፤ ሰው ስለ ማጣቱ ነው የነገረው።

እስቲ አሁን ደግሞ በየቤታችን ያለውን ትንሽ ድውይ እንመልከት። የሦስት የአራት ዓመት ልጅ ጉሮሮው ቢታመም በእግሩ ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ካርድ አያወጣም፤ "ይቆረጥልኝ" ወይም "አይቆረጥብኝ" ብሎ አይፈርምም። አንሥቶ የሚወስደው ሰው ያስፈልገዋል። ደግነቱ ሕፃን እንደ መጻጉዕ ሰው አያጣም። እናት አለች፣ አባት አለ፣ አያት አሉ፣ ጎረቤት አለ። ሁሉም ይወደዋል። ታዲያ ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል፦ አንሥተን የምንወስደው ወዴት ነው? "ልጄን እወደዋለሁ" ያለ ሁሉ ለልጁ ያደረገው ነገር ትክክል ይሆናልን? ፍቅር ብቻውን ይበቃልን?

አንድ ቤት፣ ሁለት ስለት

በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን፣ አካባቢዋንም የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ልጁ ያተኩሰዋል። ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ይላል፤ እናቱ ተነሥታ ደረቱን ትዳብሳለች። አያት ከምድጃው ዳር ሆነው "እንጥሉ ወርዶበት ነውኮ ልጄ፤ ሳይፈነዳበት ይቆረጥ" ይላሉ። እናት "እምዬ፣ ጤና ጣቢያ ብወስደውስ?" ስትል፣ "አንቺንም አስቆርጬ ነው ያሳደግሁሽ፤ ምን ሆንሽ?" ይሏታል።

እኒህን አያት ጨካኝ የሚላቸው ማን ነው? ማንም የለም። ሌሊቱን ከእናቲቱ እኩል ነው ያደሩት። ቆራጩም ቢሆን ካባቱ የተማረውን የሚሠራ ሰው ነው፤ ልጅ ሊገድል አስቦ ከቤቱ አልወጣም። ነገር ግን ያ ስለት ትናንት የሌላ ልጅ ጉሮሮ ገብቶ ነበር። ደሙ እንቢ ቢል የሚያቆምበት ነገር የለውም። በቁስሉ ቴታነስ፣ በሌላው ሰው ደም ደግሞ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊገባ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የተቆረጠው ነገር በሽታው አይደለም። እንጥል በጉሮሯችን መካከል የተንጠለጠለች ትንሽ ሥጋ ናት። ስንውጥ ምግብና መጠጥ ወደ አፍንጫችን እንዳይወጣ መንገዱን ከሚዘጉት አንዷ ናት። ልጁ ጉሮሮው ሲቆጣ እሷም አብራ ታብጣለች እንጂ ፈንድታ አትገድልም። ቶንሲል የምንላቸው ግን ሌሎች ናቸው፤ ከእንጥል ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት እብጠት የሚመስሉ ሥጋዎች። ሥራቸውም በአፍ የሚገባውን ተሕዋስ እንደ በር ጠባቂ መከላከል ነው። የታመመው ቶንሲል ሆኖ ሳለ እንጥል ማስቆረጥ፣ ወይም ቶንሲሉን በጥፍር ማስቧጠጥ፣ በር ላይ የቆሰለውን ዘበኛ ትቶ ደጃፉን እንደ ማፍረስ ነው።

አሁን ሁለተኛውን መንገድ እንይ። ሌላ እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ትላካለች፤ ነገሩ ከከበደም ከአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት፣ ወደ ባሕር ዳር። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ይባላል። ትፈርማለች። ልጁ ያለቅሳል። እዚህም ስለት አለ፤ እዚህም ደም አለ፤ እዚህም የሚወድ ሰው ሕፃኑን ለባዕድ እጅ አሳልፎ ሰጠ።

እንግዲህ አስተውሉ። ፍቅሩ በሁለቱም ቤት አለ። ሕመሙም በሁለቱም አለ። ልጁ በሁለቱም ፈቃዱን አልተጠየቀም። ታዲያ አንዱን ጉዳት፣ አንዱን ሕክምና ያሰኘው ምንድን ነው?

"እኔ ምን ሆንሁ?" ለሚለው

አንዳንዱ ሰው "ፍጻሜውን አይተህ ፍረድ" ይላል። ተቆርጦ የዳነ አለ፤ ሆስፒታል ገብቶም የከፋበት አለ ይላል። እውነቱን ነው፤ ሁለቱም አለ። የአያት ክርክርም ይኸው ነው፦ "እኔ ተቆርጬ ምን ሆንሁ?" ነገር ግን ወገኖቼ፣ ተቆርጦ የሞተው ልጅ ቡና ላይ ተቀምጦ አይመሰክርም። የሚናገሩት የተረፉት ብቻ ናቸው። የቀበርናቸውን ምስክር ሳንቆጥር "ምንም አያደርግም" ብንል በጎደለ ሸንጎ መፍረድ ነው። ደግሞም ብዙው የጉሮሮ ሕመም በሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ልጁ በአራተኛው ቀን ተቆርጦ በስምንተኛው ቢድን፣ ያዳነው ስለቱ ነው ወይስ ጊዜው?

ስለዚህ ልዩነቱን ከፍጻሜው ሳይሆን ከመጀመሪያው መፈለግ አለብን። ቆራጩ ሲጠራ የሚመጣው ሊቆርጥ ነው። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ "ያስፈልገዋል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም መልሱ "አያስፈልገውም" ነው። ለተደጋጋሚ የቶንሲል ሕመም ቀዶ ሕክምና የሚታሰብበት የታወቀ መለኪያ አለ፦ በአንድ ዓመት ሰባት ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ወይም ሁለት ዓመት ተከታትሎ በየዓመቱ አምስት ጊዜ፣ ወይም ሦስት ዓመት ተከታትሎ በየዓመቱ ሦስት ጊዜ የታመመ ልጅ ሲሆን ነው። ወይም ደግሞ ቶንሲሉ አብጦ በእንቅልፉ ትንፋሽ የሚያቋርጠው ከሆነ። ከዚህ በታች ከሆነ መድኃኒትና ክትትል ይበቃል። እንግዲህ የእውቀት የመጀመሪያው ምልክት እጅን መሰብሰብ ነው። ስለቱን ይዞ "አልቆርጥም" ማለት የሚችል ሰው ነው ሲቆርጥ የሚታመነው።

ሁለተኛው ልዩነት ተጠያቂነት ነው። ሐኪሙ የሠራውን ይጽፋል፤ ደም ቢመጣ ተመልሶ ይጠራል፤ "ለምን እንዲህ አደረግህ?" ቢባል መልስ አለበት። ቆራጩ ግን የሰጡትን ተቀብሎ ይሄዳል። መንግሥትም ነገሩን ዝም አላለውም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕጋችን የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን ከጎጂ ልማዶች ጋር ቆጥሮ ቅጣት አኑሮበታል። ዳሩ ግን ክርስቲያን የሆነ ሰው ቅጣት ፈርቶ ብቻ አይተውም፤ አደራ መሆኑን አውቆ ይተወዋል።

ልጅ ርስት ነው ወይስ አደራ?

ማንኩሳን ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በመጽሐፍ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ በዛብህ የተባለውን ልጅ ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ይሳሉታል። ልጁ አድጎ የራሱ ልብ ሲኖረው፣ እሱ ያልተሳለው ስእለት ይከብደዋል። ተመልከቱ፣ በአፋችን "ስለት" ስንል ሁለት ነገር ነው፤ የቢላዋውም ስለት ነው፣ የተሳሉትም ስለት ነው። ሁለቱም በልጅ ላይ ሲያርፉ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ልጅ የእኔ ነውን?

መጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱን ዓይነት ወላጅ ያሳየናል። ዮፍታሔ ከጦርነት በድል ሲመለስ ለተሳለው ስእለት ዋጋ የከፈለችው ልጁ ናት። ቅንነት አልጎደለውም ነበር፤ የጎደለው ማስተዋል ነው። ሐናም ሳሙኤልን ተስላ ሰጠች። ነገር ግን እስኪያድግ አጥብታ ነው የሰጠችው፤ ከሰጠችውም በኋላ በየዓመቱ በልኩ ልብስ እየሠራች ትጎበኘው ነበር። አንዷ እናት ስትሰጥ ልጁን እያየች ነው፤ አንዱ አባት ሲሳል ያየው ድሉን ነው።

የገብር ኄርን እሑድ ደግሞ አስቡ። መክሊቱን የሰጠው ጌታ ተመልሶ ይቆጣጠራል። ልጅም እንዲሁ ነው። የራሳችንን ሥጋ ብንጎዳ በራሳችን ነው፤ የልጁን ግን ተረክበን ነው የያዝነው። "አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው" ማለት መክሊቱን በቀበሩት ጉድጓድ መልሶ መቅበር ይሆናል። ፈርቶ ቀበረ እንጂ ጠልቶ አልቀበረም፤ ቢሆንም ተጠየቀ።

የርኅራኄ ጉርሻ

አሁን ወደ ሆስፒታሉ እንመለስ፤ ምክንያቱም ሐኪም ቤት መድረስ ብቻውን ፈተናውን አይጨርሰውም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ልጁ ይጾማል። ይህ የቀኖና ጾም አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ጹም አትለውም። ይህ የማደንዘዣ ጾም ነው። ምግብና የላም ወተት ከስድስት ሰዓት በፊት፣ የእናት ጡት ከአራት ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውኃ ከሁለት ሰዓት በፊት መቋረጥ አለበት። ሐኪሙ የተለየ ሰዓት ከነገራችሁ ያንኑ ያዙ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ ሆዱ ውስጥ ያለው ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ልጁ ግን ይህን አያውቅም። "እማዬ ራበኝ" ይላል። አንጀቷ የማይችል እናት ከነጠላዋ ሥር ትንሽ ዳቦ ቆርሳ ብታጎርሰው ማን ያያታል? ነርሷ ስትጠይቃትም "ምንም አልቀመሰም" ትላለች። ወዳጆቼ፣ ያቺ ጉርሻ ፍቅር ትመስላለች። ግን ልጁን ልትገድለው ትችላለች። እናቲቱ በዚያች ሰዓት የምታስታግሠው የልጁን ረኃብ ሳይሆን የራሷን ጭንቀት ነው። ጾም ያስተማረን ቢኖር ይኸው አይደል? የሚያሳዝነንን ሁሉ ወዲያው ማጥፋት ርኅራኄ አለመሆኑን።

ካጎረሳችሁት ደግሞ እባካችሁ ተናገሩ። ቀጠሮው ቢተላለፍ ይተላለፍ። የአንድ ቀን መመላለስ ከአንድ ነፍስ አይበልጥም።

"አያምምህም" ማለት ይገባልን?

ብዙ ወላጅ ልጁን ሐኪም ቤት የሚያስገባው በውሸት ነው። "ከረሜላ ልገዛልህ ነው"፣ "አያትህ ጋ እየሄድን ነው"፣ "ምንም አያምምህም"። ለበጎ ነው ይባላል። ልጁ እንዳይፈራ ነው ይባላል። እኔ ግን አይገባም እላለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው። ለሕፃን ዓለም ሁሉ በእናቱ ቃል ላይ የቆመ ነው። እሳት ያቃጥላል ብላ ነገረችው፣ አመነ። እግዚአብሔር ይወድሃል ብላ ነገረችው፣ አመነ። ከሰው ሁሉ ይልቅ በሚፈራበት ቀን ቃሏ ውሸት ሆኖ ካገኘው፣ ከእንግዲህ የትኛውን ቃሏን ይዞ ይቁም?

"እውነቱን ብነግረው ይሸበርብኛል" የሚል ቢኖር፣ እውነት ሁሉ አንድ ጊዜ ይፈስስ ያለ የለም። ወተት ለሚጠባ ልጅ ወተት እንደሚሰጥ ሁሉ እውነትም በልክ ይሰጣል። ስለ መቀሱ፣ ስለ ደሙ መንገር አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ውሸት አይደለም። "ጉሮሮህን ሐኪሙ ያክምልሃል። ትተኛለህ። ስትነቃ ጉሮሮህን ያምምሃል፤ ቀስ እያለ ይተውሃል።" ይህ ይበቃዋል። "ሁልጊዜ አጠገብህ ነኝ" አትበሉትም፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አያስገቧችሁም። "እስከ በሩ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ስትነቃ ታገኘኛለህ" በሉት። ከዚያም ስትነቃ ታገኘኛለህ ካላችሁት ከዚያ በር ፈቀቅ አትበሉ። ሻይም ቢሆን ይቅር።

ጸበሉስ?

"ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጣት ነው" የሚሉ አሉ። ይህንን ጥያቄ አባቶች ቀድመውን ጠይቀውታል። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት፣ ሕክምናን መጠቀም ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ይስማማል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ተስፋችን ሁሉ በእሱ ላይ ብቻ አይሁን ብሎ ነው ያስተማረው። እሱ ራሱ በቂሣርያ የሕሙማን ማረፊያ ሠርቷል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር ስለሆነ አክብሩት ይለናል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ በጸለየ ጊዜም ነቢዩ ኢሳይያስ በቃል ብቻ አልተወውም፤ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አስደረገለት። በእኛም ዘመን ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል።

ስለዚህ ልጁን አስጠምቁት፣ መስቀል አሳልሙት፣ ስሙን ለካህኑ ስጡ። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ በማደንዘዣው ጾም ሰዓት ጸበልም ቢሆን እንዳታጠጡት፤ ያን ጊዜ ቀቡት፣ ባርኩት። እግዚአብሔር በጠርሙስ ልክ አይሠራም።

ከወጣ በኋላ ያለው አደራ

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ረጅም አይደለም። ረጅሙ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጉሮሮው ለአንድ ለሁለት ሳምንት ያምመዋል። ቶንሲሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ሽፋን ይይዛል፤ መግል መስሏችሁ እንዳትነኩት። ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ፤ ለስለስ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ይብላ። ቆሎና በርበሬ ይቆዩ። ጾም ነው ብላችሁ ወተትና እርጎ አትከልክሉት። አስፕሪን አትስጡት፤ ደም ያፈስሳልና። ደም በመጀመሪያው ቀን፣ ወይም ሽፋኑ በሚረግፍበት ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ሊመጣ ይችላል። ልጁ ተኝቶ ሳለ ምራቁን ደጋግሞ የሚውጥ ከሆነ አፉን እዩ፤ ደም ካያችሁ ነገ አትበሉ።

ቀዶ ሕክምና የማያስፈልገውም ልጅ አደራ አለው። ሐኪሙ ለአሥር ቀን ያዘዘለትን መድኃኒት በሦስተኛው ቀን "ተሽሎታል" ብሎ ማቆም በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በደንብ ካልታከመ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ መገጣጠሚያን ሊያሳብጥ፣ የልብንም በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ይህ በተለይ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉትን ልጆች ያጠቃል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የሕፃናት የልብ ማዕከል ደጅ ከሚጠኑት ልጆች ብዙዎቹ ሕመማቸው የጀመረው በጉሮሮ ነው። ሰባት ቀን የቀረው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ሊያስከፍል ይችላል።

ሰው የለውም የሚባለው ማን ነው?

"ይህ ሁሉ ለከተሜ ነው፤ እኛ በምን ገንዘብ፣ በየትኛው መንገድ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲጠፋ፣ ልጅ ታዝሎ ሲዋል ታይቷል። መድረስ ያልቻለ ወላጅ በእግዚአብሔር ፊት እንደ ጨካኝ አይቆጠርም። ባለው ቀን፣ ባለው መንገድ፣ ቅርብ ላለው የጤና ኬላ ሠራተኛ ማሳየትና ለቆራጭ አለመስጠት ግን ይቻላል። አለማድረግም አንዳንዴ ማዳን ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ከወላጅ ወደ እኛ ይዞራል። መጻጉዕ ሰው የለኝም ሲል እኮ በዙሪያው ሰው ሞልቶ ነበር። ሁሉም ለራሱ ይጣደፍ ነበር እንጂ። በሰንበቴው፣ በማኅበሩ፣ በዕድሩ የምንገናኝ ሰዎች የማን ልጅ ሌሊት ትንፋሹ እንደሚቆም እናውቃለን። ጾም ከምጽዋት ጋር ካልሆነ ምግብ መቆጠብ ነው። በዚህ ጾም ከማዕዳችን የቀረውን አንድ ላይ ብናደርገው ለአንዲት እናት የመኪና፣ ለአንድ ልጅ የመድኃኒት ይሆናል። የጤና መድን መክፈል ላቃተውም ጎረቤት እንዲሁ። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ሌሊት አስታማሚዋን ይተካት፤ የቀሩትን ልጆች ያብላላት፤ ከብቱን ይጠብቅላት።

እንግዲህ ፍቅር ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። ሳይጠይቅ የሚቆርጥ፣ ሳይታገሥ የሚያጎርስ፣ ለማባበል የሚዋሽ ፍቅር ልጅን ይጎዳል። ነገር ግን እውቀትም ብቻውን አይበቃም። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ወደ ሌላው ሕመምተኛ ይሄዳል፤ መሄድም አለበት። ሌሊቱን በመሬት ላይ ጋቢ አንጥፎ የሚያድረው፣ ውኃ በማንኪያ የሚያጠጣው፣ ደም ይኖር ይሆን ብሎ በባትሪ አፉን የሚያየው የሚወደው ሰው ነው። ስለዚህ ልጃችሁ በታመመ ጊዜ ሁለቱን አታለያዩ። ጠይቁ፤ የማታውቁትን ከሚያውቅ ስሙ፤ የሰማችሁትንም እስከ መጨረሻው ፈጽሙ።

ድውዩን ያለ ሰው ያልተወ አምላክ የታመሙ ሕፃናትን ሁሉ ይማር፤ ለወላጆቻቸው ማስተዋልን፣ ለሐኪሞቻቸው ጥበብን፣ ለእኛም የሰው ሰው መሆንን ያድለን፤ ለአገራችን ሰላምን ይስጥልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።